ብርሃኑ ከላይ፥ ሲሳዩ ከታች
(ስለ ባሕርና ስለ ሐይቅ ውኃ ምርታማነት መለያየት ለማኅበሩ አባሎች ውርጌሳ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የባሕር ጉዳይ ነው። በዚህ በሐብሩ ወረዳ፥ በአንድ ወገን የወሎ ተራራ፥ በሌላው ወገን የአፋር ሜዳ በተዘረጋበት ስፍራ ተቀምጦ ስለ ውቅያኖስ ማውራት ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ነገር ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ርእሱ ከዚህ ቦታ ጋር በሁለት ገመድ የተሳሰረ ነው ብዬ አምናለሁ። አንደኛው የክረምቱ ነፋስ ነው፤ ሁለተኛው ከዚህ ውጫሌን አልፈን በደሴ መንገድ ስንወርድ የምናገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ውኃ ነው። ወደ ሁለቱም እደርሳለሁ።

አስቀድሞ ግን ስለ ደቂቅ ዕፀዋቱ ጥቂት ልበል። ፋይቶፕላንክተን የምንላቸው በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ፥ አብዛኞቹ ያለ አጉሊ መነጽር የማይታዩ ዋቅላሚዎች ናቸው። ሥርም ግንድም የላቸውም። ሥራቸው ግን የማሽላና የጤፍ ሥራ ነው፤ የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግብ ያዘጋጃሉ፥ ኦክሲጅንም ይለቃሉ። በምድራችን ላይ በየዓመቱ በብርሃን አስተፃምሮ ከሚዘጋጀው ምግብ ግማሽ ያህሉ የእነዚህ ደቂቃን ድርሻ ነው፤ በካርቦን ሲመዘን በዓመት ወደ 50 ቢሊዮን ቶን ይጠጋል። የሚያስደንቀው፥ በአንድ ቀን ተሰብስበው ቢመዘኑ ክብደታቸው በምድር ላይ ካሉት ዕፀዋት ሁሉ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አለመሙላቱ ነው። ዋርካ መቶ ዓመት ይቆማል፤ እነርሱ በጥቂት ቀን ውስጥ ይወለዳሉ፥ ይባዛሉ፥ ይበላሉ። ስለዚህ ብዛትና ምርት አንድ ነገር አይደሉም። ከብት ያለማቋረጥ የሚግጠው መስክ ሣሩ አጭር ሆኖ ይታያል፤ ይሁን እንጂ በዓመት የሚያበቅለው ሣር ካልተነካው መስክ ሊበልጥ ይችላል። ይህን ልዩነት እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ ስለ ሐይቅ ስንነጋገር ያስፈልገናል።

የሐብሩ ገበሬ ማሳውን ሲመለከት ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ዝናቡ ይበቃል ወይ? አፈሩስ አቅም አለው ወይ? ብርሃንን አይጠይቅም፤ ብርሃን በነጻ ከሰማይ ይወርዳልና፥ አፈሩም ብርሃኑም በአንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ። በባሕር ላይ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ዝናብ የሚጠይቅ የለም፤ ውኃው ሞልቷል። ብርሃንና ማዳበሪያ ግን ተለያይተው ይኖራሉ። እጅግ ጥሩ በሆነው የጠራ ባሕር እንኳ ለብርሃን አስተፃምሮ የሚበቃ ብርሃን ከላይኛው 200 ሜትር እምብዛም አልፎ አይወርድም፤ የውቅያኖስ አማካይ ጥልቀት ደግሞ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። ከላይ የሚኖረው ሁሉ ሲሞት ወይም ሲበላና ሲወገድ፥ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ይዞ ወደ ጨለማው ይሰምጣል፤ እዚያም ይበሰብሳል። እንግዲህ የባሕር ጓዳ ከታች ነው፤ ምድጃው ከላይ ነው። የባሕር ምርታማነት ከቦታ ቦታ የሚለያይበት ምክንያት፥ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ሆኖ፥ ከጓዳ ወደ ምድጃ የሚወስደው መንገድ የት ክፍት፥ የት ዝግ እንደ ሆነ ነው።

አሜሪካዊው አልፍሬድ ሬድፊልድ የዚህን ጓዳ ስንቅ ቆጥሮታል። የባሕር ደቂቅ ዕፀዋት በአማካይ 106 የካርቦን አቶም ለማዋሐድ 16 የናይትሮጅንና 1 የፎስፈረስ አቶም ይፈልጋሉ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ቢተርፉ ምንም አይጠቅምም፤ ጨው በሌለበት ቤት ሽሮ መቁላላት እንደማይሳካ ማለት ነው።

አሁን በሐሳብ ከምድር ወገብ አካባቢ እንጀምር። በሞቃቱ ባሕር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ትወርዳለች። ሲታሰብ ምርቱ ከሁሉ የበለጠ ሊሆን ይገባ ነበር፤ የብዙ ተማሪዎቻችንም ግምት ይኸው ነው። ነገር ግን የሞቀ ውኃ ቀላል ስለ ሆነ፥ በቀዝቃዛውና በከባዱ ውኃ ላይ እንደ ምጣድ ክዳን ይጋደማል፤ ነፋስም በቀላሉ ሊያናውጠው አይችልም። ክዳኑ ዓመቱን ሙሉ አይነሣም። ከላይ ብርሃን ሞልቶ ሲሳይ ጠፋ ማለት ነው። በመርከብ የተጓዘ ሰው እያደነቀ የሚያወራለት ያ ጥልቅ ሰማያዊ ቀለም የባሕር በረሃ ቀለም ነው። እዚያ የሚኖሩት ደቂቃን ራሳቸው እንደ በረሃ ሰው በጥቂት የሚረኩ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ፕሮክሎሮኮከስ የሚባለው፥ ቁመቱ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ የሚያንስ ፍጡር ነው፤ ሳሊ ቺዝሆልምና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1988 እስኪገልጡት ድረስ፥ በዓለም ላይ በቁጥር የሚስተካከለው ዕፀ መሰል ፍጡር ያልተገኘለት ሆኖ ሳለ ማንም አያውቀውም ነበር።

ወደ ሰሜን አትላንቲክ ስንወጣ ሥርዓቱ ይለወጣል። እዚያ ክረምቱ ብርድና ማዕበል ነው። ክዳኑ ይነሣል፥ ውኃው እስከ ብዙ መቶ ሜትር ይማሰላል፥ ጓዳው ወደ ላይ ይፈስሳል፤ ብርሃን ግን የለም። ፀደይ ሲገባ ብርሃኑ ይመለሳል፤ ላይኛው ውኃ ጥቂት ሞቅ ብሎ ሲረጋ ደቂቅ ዕፀዋቱ በብርሃኑ ውስጥ ይቆያሉ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ባሕሩ አረንጓዴ ይሆናል። ኖርዌጃዊው ሃራልድ ስቬርድሩፕ እ.ኤ.አ. በ1953 ይህን በሒሳብ አስረድቶአል፤ ውኃው እስከ ጥልቁ የሚማሰል ከሆነ ዋቅላሚው ከብርሃን ይልቅ በጨለማ የሚያሳልፈው ጊዜ ስለሚበዛ፥ ከሚያገኘው ምግብ የሚያቃጥለው ይበልጣል። ማማሰል ስንቅ ያመጣል፤ ሲበዛ ደግሞ ብርሃን ይነሣል።

የሁሉም ዋና ግን ነፋስ የከፈተው መንገድ ነው። ስዊድናዊው ዋልፍሪድ ኤክማን እ.ኤ.አ. በ1905 እንዳስረዳው፥ ነፋስ የላይኛውን ውኃ በቀጥታ አይገፋም፤ ምድር ስለምትዞር ውኃው በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከነፋሱ ወደ ቀኝ፥ በደቡቡ ወደ ግራ ይወስዳል። ነፋስ ጠረፍን ታክኮ ሲነፍስ ላይኛው ውኃ ከጠረፍ ይሸሻል፤ በእርሱም ምትክ ከታች ቀዝቃዛና ሲሳይ የሞላበት ውኃ ይወጣል። የፔሩ፥ የካሊፎርንያ፥ የናሚብያና የሰሜን ምዕራብ አፍሪቃ ጠረፎች በዚህ የታወቁ ናቸው። ጆን ራይዘር እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ጽሑፍ ባሕርን በሦስት ደረጃ ከፈለው። ክፍት ባሕሩ በአንድ ካሬ ሜትር በዓመት 50 ግራም ካርቦን፥ የጠረፉ ባሕር 100 ግራም፥ ጥልቅ ውኃ የሚወጣባቸው ቦታዎች 300 ግራም ያመርታሉ አለ። የመጀመሪያው የውቅያኖስን ዘጠና በመቶ ይይዛል፤ የመጨረሻው ከሺሕ አንድ እጅ ብቻ ነው። ሆኖም በግምቱ ከዓለም ዓሣ ግማሹን የምትሰጠው ይህች ከሺሕ አንዷ እጅ ናት፤ በዚያ የምግቡ ሰንሰለት አጭር ስለ ሆነ በየእጁ የሚባክነው ያንሳል። ቁጥሮቹን በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ከፍ አድርገዋቸዋል፤ ቅደም ተከተሉ ግን እንደ ጸና ነው።

እዚህ ላይ ለወሎ ሰው ባዕድ ያልሆነ ታሪክ አለ። ፔሩ እ.ኤ.አ. በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አንቾቬታ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ አጠመደች፤ በዚያን ጊዜ ከአንድ ዝርያ ይህን ያህል የሚያጠምድ አገር በዓለም አልነበረም። በ1972 ኤልኒኞ ተነሣ፤ የንግድ ነፋሶች ደከሙ፥ ሞቃቱ ውኃ በፔሩ ጠረፍ ላይ ተጋደመ፥ መንገዱ ተዘጋ። ያለ ልክ መጠመዱም ተጨምሮበት፥ በ1973 ምርቱ ወደ 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ ወረደ። በዚያው በ1972 የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት ጎደለ፤ በእኛ አቈጣጠር የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ምን እንደ ነበረ ለዚህ ጉባኤ መተረክ አያስፈልግም። የዓሣው መጥፋት ዝናቡን አላስቀረውም፤ ዝናቡም ዓሣውን አላጠፋውም። ሁለቱን ያንገላታ ግን በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የተለወጠ አንድ ነፋስ እንዳለ የአየር ጠባይ ሊቃውንት ያስረዳሉ። በ2015ም ኃይለኛ ኤልኒኞ ሲመጣ የምሥራቅና የሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ገበሬና ከብት አርቢ ዳግመኛ ተጎዳ። ረሃቡ ግን የነፋስ ሥራ ብቻ ነው የሚል ካለ አልስማማም፤ ነፋስ ዝናብን ይከለክላል እንጂ ጎተራን አይቈልፍም።

ወደ ራሳችን ነፋስ ልመለስ። በሰኔ፥ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ተነሥቶ የኬንያንና የሶማሊያን ጠረፍ ታክኮ ወደ ዐረብ ባሕር የሚገሠግሥ ብርቱ ነፋስ አለ፤ እስከ መስከረም ይቆያል። የእኛን ክረምት ከሚያመጣው ታላቅ የአየር ዝውውር አንዱ ክፍል ነው። ያው ነፋስ የሶማሊያን ጠረፍ ሲያልፍ፥ ኤክማን እንዳለው፥ ላይኛውን ውኃ ወደ ቀኝ፥ ማለትም ወደ ባሕሩ ወገን ይገፋዋል። በምድር ወገብ አጠገብ ያለው ያ ሞቃት ባሕር በክረምት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አለ፤ ባሕሩም ይለመልማል። እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1965 የብዙ አገሮች መርከቦች የሕንድን ውቅያኖስ በኅብረት ሲያጠኑ ከመረመሩት ነገር አንዱ ይህ ነበር። እንግዲህ የውርጌሳ ማሽላ በሐምሌ ሲለመልም፥ የሐፉን ጠረፍ ዋቅላሚም በዚያው ወር ይለመልማል። ሁለቱም የአንድ ወቅት አዝመራዎች ናቸው። ይህን በጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ውስጥ በአንድ ሥዕል ማሳየት ይቻላል፤ ሲደረግ ግን አላየሁም።

ቀይ ባሕርም የዚህ ነፋስ ባለ ዕዳ ነው። ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስ ወንዝ አይገባበትም፤ በሰሜኑ ጫፍ ውኃው እጅግ የጠራ፥ ምርቱም ያነሰ ነው። ወደ ደቡብ፥ ወደ ምጽዋና ወደ አሰብ ስንወርድ ግን ምርቱ እየጨመረ ይሄዳል። ምክንያቱ በባብኤል መንደብ በር በኩል የሚገባው የኤደን ባሕረ ሰላጤ ውኃ ነው፤ በተለይ በእኛ ክረምት ወራት በመካከለኛ ጥልቀት ሾልኮ የሚገባው ቀዝቃዛ ውኃ ሲሳይ ይዞ ይመጣል። ለባሕሩ ስያሜ ምክንያት ነው እየተባለ የሚጠቀሰው ትሪኮዴስሚየምም የዚሁ ወገን ነው፤ ናይትሮጅንን ከአየር ለመውሰድ የሚችል፥ ሲበዛና ሲደርቅ ወደ ቀይነት የሚያደላ ዋቅላሚ ነው። ስሙ በእርግጥ ከዚህ ስለ መምጣቱ የታሪክ ሊቃውንት ይከራከሩ፤ እኔ በዚህ አልገባም።

ጓዳው ሞልቶ ብርሃኑም ኖሮ ምርት የማይገኝበት ባሕርም አለ። በአንታርክቲክ ዙሪያ ናይትሬትና ፎስፌት ሳይነካ ተርፎ ይገኛል። ጆን ማርቲን በ1980ዎቹ መጨረሻ የጎደለው ብረት ነው ብሎ ሲነሣ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1993 ዐረፈ፤ በዚያው ዓመትና በ1995 ባልደረቦቹ በምድር ወገብ አጠገብ ባለው ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የብረት ጨው በመርከብ ረጭተው ውኃው ሲያረንጉድ አሳዩ። ብረት ወደ ባሕር ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱ ከሰሐራ የሚነሣው አቧራ ነው። እንዲህ ሲሆን በረሃ ባሕርን ይቀልባል።

ይህን ሁሉ እንዴት ያውቃሉ ትሉ ይሆናል። ጥንታዊው መንገድ በየትምህርት ቤታችን ሊሠራ የሚችል ነው፤ ከአንድ ውኃ ሁለት ጠርሙስ ይሞላል፥ አንዱ ግልጽ አንዱ ጥቁር ሆኖ ወደ ተቀዱበት ጥልቀት ይመለሳሉ፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ የኦክሲጅናቸው ልዩነት ምርቱን ይናገራል። ዴንማርካዊው ስቴማን ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1952 በጨረር አመንጪ ካርቦን የሚለካውን ዘዴ አመጣ፤ ደሃውን ባሕር ለመለካት ጠርሙሱ ስለማይበቃ ነው። ከ1978 ጀምሮ ደግሞ ሳተላይቶች የባሕሩን ቀለም ከሰማይ ያነብባሉ። ሳተላይት ግን የሚያየው ላይ ላዩን ነው፤ የጠርሙሱንም ሥራ አልሻረውም።

አሁን ወደ አገራችን ሐይቆች እንመለስ። ባሕር በደሃነቱ ሲያስገርመን፥ ከአዲስ አበባ አጠገብ የዚህ ተቃራኒ አለ። ቢሾፍቱ አካባቢ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ፥ አረንጓዲ የሚባለው፥ ሶዳ የበዛበት ውኃ ነው። ታሊንግ፥ ዉድ፥ ፕሮሰርና ባክስተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጽሑፍ ይህንና የቂሎጤስን ሐይቅ ይዘው፥ በውኃ ውስጥ የሚደረግ ብርሃን አስተፃምሮ የመጨረሻው ጣሪያ የት እንደ ሆነ ጠየቁ። እነዚህ ሐይቆች የተመረጡት በዓለም ከተለኩት እጅግ ምርታማ ውኃዎች መካከል ስለ ሆኑ ነው። በዚያ ሲሳይ አይጎድልም፤ ካርቦኑ በሶዳው መልክ ሞልቷል፤ ስፒሩሊና የሚባለው ዋቅላሚ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። ወሰን የሚሆንበት የራሱ ጥላ ነው፤ ብርሃኑ ከጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትር በታች አይወርድም። ውቅያኖስ በረሃብ፥ አረንጓዲ በጥጋብ ጥላ፥ ሁለቱም በየበኩላቸው ወሰን አላቸው።

በመካከላቸው የኛ ሐይቅ አለ። ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር፥ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ገባር እንጂ በላይ የሚታይ መውጫ የለውም፤ ይህን አስታውሱልኝ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ካገነኑት ገዳም ዳር ቆሞ ውኃውን ያየ ሰው፥ ያየው ውኃ ሁሉ በየዘመኑ አንድ ነው ብሎ እንዳያስብ። ባክስተርና ጎሎቢች እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሐይቅ ባወጡት አጭር ጽሑፍ፥ ውኃው ጥሩና ዋቅላሚው ያነሰ ነበር፤ ወደ ውኃው የሚወርድ ነጭ ሰሌዳ እስከ 9 ሜትር ድረስ ይታይ ነበር። ዶክተር ኤልሳቤጥ ከበደና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1992 ባሳተሙት ጥናት ግን ያው ሰሌዳ ሁለት ሜትር ሳይደርስ ከዓይን ይሰወር ነበር። ውኃው አረንጓዴ ሆኗል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሐይቁ ከሰማያዊው ባሕር ወገን ወደ አረንጓዴው ወገን ተሻገረ ማለት ነው።

ለምን? ሁለት መልስ ይሰጣል። አንዱ ከታች የሚነሣ ነው፤ የእርሻ አፈርና የከተማ ቆሻሻ ፎስፈረስ ይዞ ይገባል፥ መውጫም ስለሌለው እዚያው ይከማቻል የሚል። ሁለተኛው ከላይ የሚወርድ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቀረሶ የሚባለው የቲላፒያ ዓሣ ወደ ሐይቁ ገባ። የዚህ ዓሣ ጫጩቶች ዋቅላሚውን የሚግጡትን ትልልቅ ደቂቅ እንስሳት ይበላሉ፤ ጋጪዎቹ ሲያልቁ መስኩ ያድጋል። ቀደም ብዬ ስለ ብዛትና ስለ ምርት የተናገርሁት እዚህ ላይ ይገባል፤ በሁለተኛው መልስ መሠረት፥ ሐይቁ አረንጓዴ የሆነው አብልጦ ስላመረተ ሳይሆን ያመረተው ስላልተጋጠ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ መልሶች አንድ ዓይነት መድኃኒት አያዝዙም። አንደኛው ተራራውን በእርከንና በዛፍ አጽኑ ይላል፤ ሁለተኛው የዓሣውን ቁጥርና የመረቡን ዓይን ተመልከቱ ይላል። እኔ ወደ ሁለቱም አብሮ መሥራት አደላለሁ፤ ተራራው ቢጸና ግን በማናቸውም በኩል ጉዳት የለበትም።

አረንጓዴው ለዓሣ አጥማጁ ይጠቅማል የሚሉም አሉ። ቀረሶ ሲያድግ ራሱ ዋቅላሚ ስለሚበላ፥ ንግግራቸው ከንቱ አይደለም፤ በሐይቅ ዳር ብዙ ቤተሰብ በዓሣው ይኖራል። ነገር ግን ከላይ የበዛው ሁሉ ከታች ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም የጥልቁን ኦክሲጅን ይጨርሳል። ዉድና ባልደረቦቹ በቢሾፍቱ ሐይቆች እንዳሳዩት፥ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጥርት ያለ የብርድ ሌሊት ላይኛው ውኃ ይቀዘቅዛል፥ ይከብዳል፥ ክዳኑ ይነሣል። ያን ጊዜ ከታች የሚወጣው ሲሳይ ብቻ አይደለም፤ ኦክሲጅን ያጣና የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸት ውኃም አብሮ ሊወጣ ይችላል። በጥልቅ ሐይቅ ውስጥ ዓሣ በአንድ ሌሊት በብዛት የሚሞትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ገጹ ይበልጥ ባረነጐደ ቍጥር የታችኛው ዕዳ ይከብዳል፤ ዕዳውም የሚጠየቀው በብርድ ወራት ነው።

ከሁለቱ መልሶች የትኛው እንደሚበልጥ ለመለየት በየጥቂት ዓመቱ አንድ ጊዜ መለካት አይበቃም። በታኅሣሥ የተለካን ውኃ በሚያዝያ ከተለካው ጋር ማወዳደር፥ የመኸርን ጎተራ ከነሐሴ ጎተራ ጋር እንደ ማወዳደር ነው። የሚያስፈልገው በየወሩ ያለማቋረጥ የሚያዝ መዝገብ ነው፤ ለዚህም መርከብም ሳተላይትም አያስፈልግም። ጣሊያናዊው ካህን አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የሠራበት ዘዴ ይበቃል። ስፋቱ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቆርቆሮ ነጭ ቀለም ተቀብቶ፥ ከሥሩ ድንጋይ ታስሮበት፥ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ባለው ገመድ ይወርዳል። ሥራው በቀትር፥ በጀልባው ጥላ ወገን ይሁን። ሰሌዳው የጠፋበትና ሲሳብ ተመልሶ የታየበት ጥልቀት ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። ቀኑ፥ ደመናውና ነፋሱ አብረው ይጻፉ፤ ዝናብ ዘንቦ ገባሩ ወንዝ ቀልቶ እንደ ሆነም ይጻፍ፤ አለበለዚያ የጭቃውን ድፍርስ ከዋቅላሚው ለይተን ማወቅ አንችልም። በተቻለ መጠን ውኃ በጨርቅ ወንፊት ተጠልሎ፥ የተገኙት ደቂቅ እንስሳት ትልልቅ ወይም ትንንሽ መሆናቸው በአጉሊ መነጽር ቢታይ፥ ለሁለተኛው መልስ ቀጥተኛ ምስክር ይሆናል።

በሐይቅ ከተማና በውጫሌ የምታስተምሩ አባሎች ወር በወር ብትፈራረቁ ሥራው በአንዱ ላይ አይከብድም። በክረምት ማዕበል ሲነሣ ጀልባ ላይ ተማሪ አይውጣ፤ ያ ወር ባዶ ቢቀር ባዶነቱ ይመዝገብ እንጂ በግምት አይሞላ። የመጀመሪያው ልኬት በኅዳር ቢሆን እመርጣለሁ፤ ክዳኑ ከመነሣቱ በፊት ያለውን ውኃ እናገኛለንና። ገመዱንና ቀለሙን ከማኅበሩ ገንዘብ ለመግዛት የሚያስፈልገው ውሳኔ በከሰዓቱ ስብሰባ በሦስተኛ ተራ ቁጥር ተይዟል።